የጥገና ጥሪ የወጣበት መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ያገለገለ ወይም በግል አስመጪ በኩል የገባ መኪና የገዙ ሲሆኑ፣ አምራቹ ፋብሪካ በዚያው ሞዴል ላይ የደኅንነት ጉድለት አግኝቶ የጥገና ጥሪ፣ በጋራዥ ሰው አነጋገር ሪኮል፣ ማውጣቱን ከዘመድ ወይም ከቴሌግራም ሰምተዋል። ጥሪው የእነሱን መኪና ይመለከት እንደሆነ፣ ከተመለከተም ማን እንደሚጠግንላቸው ይጠይቃሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ስሞቹን ትተን አቅርበናል።

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

«እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች ያገለገለች ያሪስ አለችኝ። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼባት ወደ መገናኛ እወርዳለሁ። ሻጩ እንደነገረኝ መኪናዋ የመጣችው ከዱባይ ነው። በቅርቡ ወንድሜ ከአሜሪካ ደውሎ ‹የዚህ ዓይነት መኪና ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል፣ ቶሎ አስመርምሪ› አለኝ። ጋራዥ ስጠይቅ ደግሞ ‹የዳሽቦርድ መብራቱ ካልበራ ኤርባጉ ሰላም ነው› አሉኝ። የማንን ልቀበል?»

መልስ

ወንድምዎ ያሉት ልክ ነው። የጋራዡ ሰዎች የነገሩዎት ግን ለሌላ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው።

ነገሩ ታካታ ከተባለው የጃፓን ኤርባግ አምራች ጋር የተያያዘ ነው። ኤርባግ በግጭት ጊዜ የሚነፋው፣ ከጀርባው በተገጠመ ትንሽ የብረት ቤት ውስጥ የታጨቀ ጠጣር ኬሚካል ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነዶ ጋዝ ስለሚያመነጭ ነው። ታካታ ለዚህ የመረጠው አሞኒየም ናይትሬትን ሲሆን፣ እርጥበት መጣጭ ሳይጨመርበት የተሠራው ዓይነት ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። ጭራሮ ከግንድ ቀድሞ እንደሚቀጣጠል ሁሉ፣ የተሰነጣጠቀው ኬሚካልም ከታሰበለት ፍጥነት በላይ ይነድና ግፊቱ የብረት ቤቱን ራሱን ይበጣጥሰዋል፤ ስብርባሪውም ከረጢቱን ቀዶ በሾፌሩ ወይም ጋቢና በተቀመጠው ሰው ፊትና አንገት ላይ ያርፋል። ሆንዳ የመጀመሪያውን ጥሪ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ቶዮታን ጨምሮ 19 አምራቾች ገብተውበት፣ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ የኤርባግ ማንፊያዎች እንዲቀየሩ ተወስኗል፤ ታካታ ራሱም እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኪሳራ አውጇል።

የዳሽቦርዱ መብራት የሚመረምረው የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው። ሽቦ ተበጥሶ፣ ሶኬት ተነቅሎ ወይም ሴንሰር ተበላሽቶ እንደሆነ ይናገራል፤ በብረት ቤቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መብራቱ መጥፋቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ይልቁንም ሌላ ነገር ያስተውሉበት፦ ቁልፉን አዙረው ሞተሩን ሳያስነሡ ዳሽቦርዱን ሲመለከቱ፣ ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት የተቀመጠ ሰው ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አንድ ሰው አምፖሉን አውጥቶታል ወይም ከሌላ መብራት መስመር ጋር አያይዞታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ኤርባጓ የፈነዳ መኪና ለገበያ ስትዘጋጅ ይህ የተለመደ ዘዴ ነው።

መኪናዋ ከዱባይ መምጣቷ ለጉዳዩ ክብደት አለው። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ቀዝቀዝ ያሉ ሥፍራዎች በመሆናቸው ኬሚካሉ እዚህ የሚያረጀው ቀስ ብሎ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው ወበቅ ውስጥ ባሳለፋቸው ዓመታት የደረሰበት ጉዳት ግን ለገጣፎ ስለገባ አይሽርም። በዚህ ጉዳይ የመኪናዋ የቀድሞ አገር ከአሁኑ አገሯ ይበልጥ ይናገራል።

አሁን ወደሚደረገው እንምጣ። በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሻንሲ ቁጥር በመኪናዋ አካል ላይ ከተመታው ጋር በቅድሚያ ያመሳክሩ። ለውጭ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በፊት መስታወቱ ታችኛ ጠርዝ ይነበባል። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ ስለማይገቡ፣ ኦ የሚመስለውን ሁልጊዜ ዜሮ ብለው ይጻፉት፤ ብዙ ሰው «መኪናዬ አልተገኘችም» የሚለው በዚህች ስሕተት ነው። ጄ ብሎ የሚጀምር ቁጥር በጃፓን፣ ኤል ብሎ የሚጀምር በቻይና፣ ቪ ኤን ኬ ብሎ የሚጀምር ደግሞ በፈረንሳይ የቶዮታ ፋብሪካ መሠራቱን ያመለክታል።

ቁጥሩን የሚያስገቡበት ቦታም ይለያያል። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የከፈተው መፈለጊያ የሚያውቀው ለአሜሪካ ገበያ የተሸጡትን ብቻ ነው፤ ከባሕረ ሰላጤው የመጣች ያሪስ እዚያ ብትፈለግ «ጥሪ የለም» መባሉ ነጻ ናት ማለት አይደለም። የእርስዎን መኪና መፈለግ የሚገባው አምራቹ ለመጀመሪያው የሽያጭ አገር ባዘጋጀው ገጽ ሲሆን፣ ከዚህም ጎን ለጎን በአገራችን የቶዮታ ወኪል ለሆነው ለሞኤንኮ የሊብሬውን ቅጂ አያይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በዚያ ዘመን የተሠሩ በርካታ ያሪሶችና ኮሮላዎች በታካታ ጥሪ ውስጥ አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። በቴሌግራም የሚዞሩት «አደገኛ መኪኖች» ዝርዝሮች ሞዴልና ዓመት ብቻ ስለሚጠቅሱ ከማስደንገጥ አልፈው ብዙ አይጠቅሙም፤ ቁርጡን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው።

መልሱ እስኪመጣ ልጆቹ ከኋላ ይቀመጡ፣ ጋቢናውም ባዶ ይሁን። እርስዎም ደረትዎ ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ወንበሩን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ቀበቶውንም ለአጭር መንገድ ቢሆን አይተዉ።

ጥያቄ፣ ከሰበታ

«መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረች ቪትዝ ገዝቻለሁ። የኤርባግ መብራቷ አልጠፋ ብሎ ኤሌትሪሲያን ዘንድ ብወስዳት፣ ‹እህቴ፣ ሱማሌ ተራ ንጹሕ ኤርባግ አይጠፋም፣ ገዝተሽ አምጪና ልግጠምልሽ፤ ወጪው ከከበደሽ ደግሞ መብራቱን ላጥፋው› አለኝ። የትኛው ይሻላል?»

መልስ

ሁለቱም አይሻልም።

ከተጋጨ መኪና ላይ የተነቀለ ኤርባግ ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ በጥሪ ውስጥ ይሁን አይሁን፣ ስንት ዓመት በየትኛው አገር እንደኖረ ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ጉዳቱ የሚገኘው ተከፍቶ በማይታየው ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ ጥሪ የወጣበትን ኤርባግ ከአንዱ መኪና አውጥቶ ጥሪ በሌለበት መኪና ላይ መግጠምም ይቻላል። ሱማሌ ተራ ለበር፣ ለፍሬቻ፣ ለካምቢዮ ሳይቀር የሚያስመሰግን ገበያ ነው፤ ለኤርባግ ግን አይሆንም።

የእርስዎ መኪና ጉዳይ ከሌሎቹ የሚወሳሰበው መሪዋ በመዞሩ ነው። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ መኪና በመጣ ይተካል። በዚህ ሁኔታ የሻንሲ ቁጥሩን ፈልገው «ጥሪው ተፈጽሟል» ወይም «ጥሪ የለም» የሚል መልስ ቢያገኙ፣ መልሱ የሚመለከተው ፋብሪካው መጀመሪያ የገጠመውን ኤርባግ እንጂ ዛሬ ከፊትዎ ያለውን አይደለም። በጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሸጡ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር አጠር ያለ መሆኑንም ይወቁ፤ 17 አልሞላም ብለው አይደናገጡ። በእርስዎ መኪና ላይ የሚያዋጣው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ኤርባጉን አውርዶ በጀርባው የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር ፎቶ እንዲያነሣና ያ ቁጥር ለአምራቹ ወኪል እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

«ሥራውን የሚያውቅ» ስንል በከንቱ አይደለም። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ኤርባግ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ባትሪው ቢነቀልም ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል በኮምፒውተሩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ ነው። የኤርባጉን ማቀጣጠያ በቴስተር መለካትም በመመሪያው ክልክል ነው። የእርስዎ ኤሌትሪሲያን ባትሪውን ነቅሎ ወዲያው ሶኬቱን ለመፍታት እጁን ከሰደደ ወይም ቴስተሩን ካነሣ፣ ምስጋና አቅርበው መኪናዎን ይውሰዱ።

መብራቱን ማጥፋትን በተመለከተ፣ ስርዓቱ «ጉድለት አለብኝ» እያለ ሳለ አፉን መለጎም ነው። መብራቱ በርቶ እያለ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይነፋ ይችላል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ነገ መኪናዋን የሚገዛውም ሰው ጭምር። መሪ በሚዞርበት ጊዜ ከመሪው ሥር ያለው ጥምዝምዝ ኬብል ተበጥሶ ወይም ሳይገጥም ቀርቶ መብራቱ የሚበራበት አጋጣሚ ስላለ፣ ኤርባጉ ራሱ ከመጠርጠሩ በፊት ስሕተቱ በኮምፒውተር ይነበብ።

ጥያቄ፣ ከቡራዩ

«ዓመታዊ ምርመራ አልፌ ቦሎ ለጥፌአለሁ። ይህ መኪናዬ ጥሪ የለበትም ማለት አይደለም?»

መልስ

አይደለም። በዓመታዊው ምርመራ የሚታዩት ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጎማና የመሳሰሉት በዕለቱ የሚገኙበት ሁኔታ ነው። የጥሪ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ እስኪከሰት ድረስ የማይታይ በመሆኑ ቦሎ ያለው መኪና ሁሉ ጥሪ ሊኖርበት ይችላል።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

«ቤንዚን ሰልፍ ሰልችቶኝ ከግል አስመጪ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ጎረቤቴ ቢዜድ ፎር ኤክስ፣ እኔ ቢዋይዲ ዶልፊን ነው ያለን። ለእሱ ‹ጎማው ተነቅሎ ይወጣል›፣ ለእኔ ደግሞ ‹መሪው ይቃጠላል› የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነዛብን። እውነት አለው? ካለውስ ቻይና ድረስ ሄደን ነው የምናሠራው?»

መልስ

በሁለቱም ወሬዎች ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን የእናንተን መኪኖች መመልከቱ ገና አልተረጋገጠም።

ከጎረቤትዎ እንጀምር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 2,700 የሚሆኑ ቢዜድ ፎር ኤክስ መኪኖችን የጠራው፣ ቸርኬውን ከሐቡ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በጉዞ ላይ ላልተው ጎማው ሊወጣ ስለሚችል ነው። ባለቤቶቹ ጨርሶ እንዳይነዱ የተነገራቸው ሲሆን መፍትሔው የተገኘው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ከተጠሩት አብዛኞቹ ለአውሮፓ የተላኩ፣ የቀሩትም ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለጃፓን የተሸጡ ነበሩ። ወደ አገራችን ከቻይና የሚገባው ቢዜድ ፎር ኤክስ በአብዛኛው እዚያው ቻይና ውስጥ ባሉ የሽርክና ፋብሪካዎች የሚሠራ በመሆኑ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም በአንዱ ፋብሪካ ምርት ላይ የወጣ ጥሪ በሌላው ላይ ወጥቷል ማለት አይቻልም። የጎረቤትዎ ሻንሲ ቁጥር ኤል ብሎ የሚጀምር ከሆነ የሚጣራው ከቻይና በኩል ነው።

የእርስዎ ዶልፊን (ሚኒባሱን ማለታችን አይደለም) ወደ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ላይ፣ ከኖቬምበር 2022 እስከ ዲሴምበር 2023 ባለው ጊዜ ቻይና ውስጥ የተመረቱ ወደ 97 ሺህ የሚጠጉ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መኪኖችን ጠርቷል። ምክንያቱ በመሪው ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ውስጥ የሚገኝ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) በአመራረት ጉድለት ሊሰነጠቅ፣ ከዚያም ሊግልና እሳት ሊያስነሣ መቻሉ ነው። የተወሰነውም ጥገና ማገጃ ጋስኬት መጨመር ነው፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የመኪናዎን የምርት ወር በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ያንብቡ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከወደቀ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ማጣራት የግድ ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአስመጪ ሁሉ እጅ ገብተዋል። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ ሰው የመጣ መኪና ሲጠራ፣ ማስታወቂያው የሚደርሰው እዚያ በመጀመሪያ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚደርስ ደብዳቤ የለም። ቻይና ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም። ጥገናው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፋብሪካው ያዘጋጀው መለዋወጫና የአሠራር መመሪያው። እነዚህን ማስመጣት የሸጠልዎት ሰው ሥራ ስለሆነ የሻንሲ ቁጥሩንና ጥሪው የወጣበትን ቀን ጠቅሰው በደብዳቤ ይጠይቁት። መኪናውን ሲያስመጣ የተገናኘው ላኪ ድርጅት አለና «አድራሻ የለኝም» የሚለውን ምክንያት አይቀበሉት። አንድ ሰፈር ውስጥ ያላችሁ ባለ ዶልፊኖች ቁጥራችሁን ሰብስባችሁ በአንድ ደብዳቤ ብትጠይቁ አስመጪው በተሻለ ይሰማል የሚል እምነት አለን።

ሌላው ጉዳይ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ዛሬ ከጥሪዎች ብዙዎቹ የሚፈጸሙት በኢንተርኔት በሚላክ ማሻሻያ ነው፤ መኪናው ግን ከቻይና ውጭ ከፋብሪካው አገልጋይ ጋር ካልተገናኘ ማሻሻያው አይደርሰውም፤ ባለቤቱም አለመድረሱን አያውቅም። መኪናው የያዘው የሶፍትዌር ቁጥር በስክሪኑ ላይ ስለሚገኝ በየጊዜው መዝግበው ይያዙ፤ በአስመጪው ወይም በባለሙያ በኩል የሚጫንልዎት ከሆነ ከጭነቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ያነጻጽሩ።

ስለ ቸርኬ ብሎን አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህኛው ጥሪ ቢኖርም ባይኖርም የሚሠራ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ከመሆኑም በላይ ሲነሣ በኃይል ይስባል፤ በእናንተ አካባቢ ደግሞ የኮብልስቶኑና ያልተጠናቀቀው መንገድ መንቀጥቀጥ አለ። ጎሚስታ ቤት ጎማ ባስፈቱ ቁጥር ብሎኑ በሚለካ መፍቻ፣ መመሪያው ባዘዘው መጠን እንዲጠብቅ ይጠይቁ፤ በእግር ተቆሞበት ወይም በኤር ሽጉጥ ብቻ ከጠበቀ በኋላ ግን ጥቂት ተጉዘው እንደገና ያስፈትሹት።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

«በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሮላ የራይድ ሥራ እሠራለሁ። ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ስወጣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ‹የቶዮታ ነዳጅ ፓምፕ ሪኮል አለበት› ሲባል ሰምቼ ደስ አለኝ፤ በነጻ ይቀየርልኛል?»

መልስ

ደስታዎን ስለምናደፈርስ ይቅርታ ያድርጉልን። የሰሙት ጥሪ እውነተኛ ነው፤ ዴንሶ በተባለው ኩባንያ የተሠሩ ፓምፖች ውስጥ ያለው የፕላስቲክ መዘውር ነዳጅ እየመጠጠ አብጦ ሊቆም ስለሚችል፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 መኪኖችን መጥራት ጀምሯል፤ ሌሎች አምራቾችም ተከትለውታል። ጥሪው ግን የእርስዎ መኪና ከተሠራች ከብዙ ዓመታት በኋላ የወጡ ሞዴሎችን የሚመለከት በመሆኑ ለእርስዎ አይሆንም።

ጥሪ የሚባለው በንድፍ ወይም በአመራረት የተፈጠረ፣ በብዙ መኪኖች ላይ በአንድ ዓይነት የሚገኝና ደኅንነትን የሚነካ ጉድለት ሲሆን ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ፓምፕ ማርጀቱ ጉድለት አይደለም። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ከጀሪካን ገዝተው ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬያችን ወደዚያ ያዘነብላል፤ በጀሪካን የሚገባው ውኃና ደለል ከታንከሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ማጣሪያውን ስለሚደፍን፣ ሜዳ ላይ ደኅና የሚሄድ መኪና ብዙ ነዳጅ በሚፈልገው ዳገት ላይ ይታፈናል። ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ታንከሩን ያሳጥቡ፣ ማጣሪያውን ይቀይሩ፣ ግፊቱን ያስለኩ።

ያልጠየቁን ነገር ግን አለ። ከ2003 ጀምሮ የተሠሩ ኮሮላዎች በጋቢና በኩል ባለው ኤርባግ ምክንያት በታካታ ጥሪ ውስጥ ገብተዋል። ጋቢናዎ ላይ በየቀኑ እንግዳ ሰው የሚቀመጥ እንደመሆኑ፣ ለለገጣፎዋ አንባቢ የጻፍነውን አንብበው የሻንሲ ቁጥርዎን ያጣሩ። እስከዚያው ተሳፋሪውን ከኋላ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፣ ከገላን

«አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ መኪና መሸጫ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ወር ሳይሞላ ጋራዥ ውስጥ ሲፈታ የጋቢናው ኤርባግ ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ዳሽቦርዱም ተለጥፎ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። ሻጩ ‹ውሉ ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ ይላል፣ ፈርመሃል› ብሎ አሰናበተኝ። ጥሪ ስላለበት ነው ያወጡት የሚልም አለ። መብት የለኝም?»

መልስ

መብት አለዎት፤ ነገር ግን ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ከክርክሩ በፊት ወረቀቱን ያስቀድሙ።

ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ጥሪን የመፈጸም ግዴታ የአምራቹ ነው፤ ሻጩ መኪናው በጥሪ ውስጥ መሆኑ ብቻውን ተጠያቂ አያደርገውም። ኤርባግ የሌለውን መኪና እንዳለው አስመስሎ መሸጥ ግን የሻጩ የራሱ ሥራ ነው፤ ኤርባጉ በጥሪ ምክንያት ወጣም ፈንድቶ ወጣ ልዩነት የለውም። በጥሪ የተነሣ ኤርባግ በአዲስ ይተካል እንጂ ቦታው ተለጥፎ ቀለም አይቀባም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ያለበትን ዋስትና ይደነግጋል። ገዢው በተለመደው ምርመራ ሊያየው የማይችለውን ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ክሱንም ካስታወቀ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሻጩን የሚጠቅመው ጉድለቱን ባላወቀበት ጊዜ ነው፤ እያወቀ የደበቀ ሻጭ በዚህ ቃል ሊከለል አይችልም። ተለጥፎ የተቀባ ዳሽቦርድ አንድ ሰው ሆን ብሎ የሠራው ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ክርክሩ የሚሆነው ሻጩ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው። መኪናውን ሲሸጥልዎት ስለ ኤርባጉ የተናገረው፣ በማስታወቂያው ላይ «ሙሉ ኤርባግ» ብሎ የጻፈው ካለ ዋጋ አለው፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ሻጩ ነጋዴ ስለሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ያግዝዎታል። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ ቀን ቢያልፍም በሌሎች ሕጎች ያለው መብት አብሮ አይጠፋም። መኪናውን የገዙት ከግለሰብ ቢሆን ኖሮ የሚቀርዎት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ነበር። እርስዎ የሚኖሩት በሸገር ከተማ ሥር ባለችው ገላን፣ ሻጩ ደግሞ አዲስ አበባ በመሆኑ አቤቱታውን ይዘው መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ሻጩ ንግድ ፈቃድ ወዳወጣበት አካባቢ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የተገዛበትን ቀን፣ ውሉ የጸደቀበትን የውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት፣ የሻንሲና የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ጉድለቱ የተገኘበትን ቀንና የሚጠይቁትን ነገር፣ ማለትም ማስጠገን፣ ዋጋ መቀነስ ወይም ውል ማፍረስ፣ ለይተው ይጻፉ። ጋራዡ ያገኘውን በማኅተም አረጋግጦ ይስጥዎት፤ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ ሳለ የባዶው ቦታና የልጥፉ ፎቶ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይነሣ። ደብዳቤውን ሻጩ ፈርሞ ካልተቀበለ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ከሁሉም በላይ ይህ ሁሉ ሳይደረግ አያስጠግኑ፤ ጉድለቱ ከተጠገነ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ኢንሹራንስዎ ሙሉ ሽፋን ቢሆንም የፋብሪካ ወይም የሽያጭ ጉድለትን ስለማይከፍል ከዚያ በኩል ብዙ አይጠብቁ።

ጥያቄ፣ ከለገዳዲ

«ጥሪ እንዳለበት ያረጋገጥኩት መኪና ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ ከምጠብቅ ልሽጠው ብል ሕገ ወጥ ነው?»

መልስ

መሸጥ ይችላሉ፤ መደበቅ ግን አይችሉም። ለገላኑ አንባቢ ከላይ የጻፍነው፣ እርስዎ ሻጭ በሚሆኑበት ጊዜ በእርስዎ ላይ ይሠራል። ደላላው «ይህን ካነሣህ ዋጋው ይወርዳል» ማለቱ አይቀርም፤ ሊወርድም ይችላል። ቢሆንም ጥሪው መኖሩን፣ የወጣበትን ቀንና ጥገናው ገና አለመፈጸሙን በውሉ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፤ ከወኪሉ የተጻጻፉትንም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ያስረክቡ። ጥሪው የሚከተለው የሻንሲ ቁጥሩን እንጂ የባለቤቱን ስም ስላልሆነ፣ ገዢው እርስዎ የጀመሩትን ጥያቄ ካቆመበት መቀጠል ይችላል፤ በወኪሉ ዘንድ ስምና ስልኩ እንዲቀየርለትም አብረውት ቢያሳውቁ ጥሩ ነው።